የቦራ ቅንጃ

ከሳንጃ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በታች አርማጭሆ ቆላ፣ ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። አባታቸው ሲያርፍ ሁለት የጎለመሱ በሬዎችና ሁለት ወይፈኖች ትቶላቸው ነበርና ሽማግሌ ፊት ተቀምጠው እኩል ተካፈሉ፤ ለያንዳንዳቸው አንድ በሬና አንድ ወይፈን። ለታላቅየው የደረሰው ወይፈን ቦራ ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ደረቱ የሰፋ፣ ገና ጥጃ ሳለ ጀምሮ የመንደሩ ዓይን ያረፈበት ነው። አባትየው በሕይወት እያለ «ቤቴን የሚያቆመው ይሄ ነው» እያለ በእጁ ጨው ያልሰው ነበር።

ጊዜው ግንቦት ነው። ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ወቅት ደግሞ አጭር ነው፤ ዝናቡ ሲጥል ያልተሰናዳ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጨው ይኖራል። ታላቅየው አሰበና እንዲህ አለ፦ «አሮጌው በሬ ነገ ዛሬ ሳይባል ይሞታል። ወደፊት የሚያርስልኝ ወይፈኑ ነው። እንግዲያው ከዛሬው ይልመደው እንጂ ሽማግሌ በሬ ላይ ተደግፎ ምን ይማራል?» በሬውን ሳንጃ ገበያ ወስዶ ሸጠና በገንዘቡ ከቦራ ጋር ቁመቱ የሚስተካከል ሌላ ወይፈን ገዛ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲነዳቸው ያየ ሁሉ አደነቀ።

ታናሹ ብቻ ጠየቀ። «አያ፣ ሁለቱም እኮ ያልተገሩ ናቸው። ማን ማንን ሊመራ ነው?»

«ጅራፉ ይመራቸዋል» አለ ታላቅየው።

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ታላቅየው ወይፈኖቹን ጠምዶ እርፉን ጨበጠ። «ና!» ሲል አንዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ሌላው ይፈረጥጣል። «ቁም!» ሲል ሁለቱም ይደነብራሉ። ድምፁን ይሰሙታል፤ ምን እንደሚፈልግባቸው ግን አያውቁም። እሱ ደግሞ ያልሰሙት መሰለውና ጩኸቱን ጨመረ፤ ጩኸቱ አልሆን ሲለው ጅራፉን አነሣ። በሦስተኛው ቀን ቀንበሩ ተሰበረ። ሌላ ቀንበር አስጠርቦ ሲመለስ ቦራ አንገቱን ባስገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጉልበቱን አጠፈና ትልሙ ላይ ተኛ። ገረፈው፤ አልተነሣም። ጅራቱን ጠመዘዘው፤ አልተነሣም። ከዚያ ቀን በኋላ ቀንበር ባየ ቁጥር ይተኛ ጀመር። «ዘሩ ነው፤ ደደብ ነው። ለልኳንዳ ይሁን» አለ ታላቅየው።

ታናሹ በበኩሉ ወይፈኑን ዳለቻ ከተባለው ከአባቱ በሬ ጋር ጠምዶ ነበር። ሥራው አዝጋሚ ነው። ፀሐይ ሳትከር ይፈታቸዋል፤ ጎረቤቱ ሁለት ቦታ ሲገለብጥ እሱ ገና ከአንዱ አልወጣም። ዳለቻ ግን ዕድሜ ልኩን የሰማው ድምፅ ነውና «ና!» ሲባል ይራመዳል፤ ወይፈኑም አንገቱ እዚያው ቀንበር ውስጥ ስላለ አብሮ ይሳባል። የማሳው ጫፍ ደርሰው ዳለቻ ሲዞር እሱም ይዞራል። ገበሬው ለወይፈኑ ብቻ ብሎ የተናገረው ቃል የለም። የሚጠራቸው በአንድ ድምፅ ነው፤ የድምፁን ፍቺ ለወይፈኑ የሚያሳየው ጎኑ ያለው በሬ ነበር።

ቦራ ሊሸጥ መሆኑን ሲሰማ ታናሹ ዋጋውን ከፍሎ ወሰደው። ታላቅየው «ሥጋ ነው የገዛኸው» አለው። ታናሹ ወር ያህል አሳረፈው። ከዚያ ከዳለቻ ጋር ባዶ ቀንበር አሸክሞ አመላለሳቸው፤ ሞፈርም ማረሻም የለም። ቀጥሎ ቅርንጫፍ አስጎተታቸው። ከዚያ አንዴ የታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ አወጣቸው። ቦራ በዚያ ቀን እንደ ልማዱ ተኛ። ሰውየው ጅራፉን አላነሣም፤ ትልሙ ዳር ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ዳለቻ ቆሞ ያመሰኳል። ጥቂት ቆይቶ ዳለቻ አንድ እርምጃ ሲራመድ ቀንበሩ የቦራን አንገት ሳብ አደረገው፤ ቦራ ተነሣ።

በዓመቱ ግንቦት ቦራና የታናሹ ወይፈን ሁለቱ ብቻቸውን ተጠምደው ሲያርሱ ዳለቻ ግራር ሥር ተኝቶ ነበር። ታላቅየው በሬ ጎድሎበት ቅንጃ ሊለምን መጥቶ ማሳው ዳር ቆመ።

«ያ ቦራ ነው?»

«እሱ ነው፣ አያ።»

«ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም። ከሚያውቅ ጋር ጠመድኩት።»

ይህን ምሳሌ ያመጣሁት ስለ 9ኛ ክፍል ነው።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የአገራችን ልጅ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማራል፤ ዕውቀቱን የሚቀስመው ግን በብዙ ቦታ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ሂሳቡ፣ ታሪኩ፣ ጂኦግራፊው በሙሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ መጥታ ሳንጃ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ልትወስድ ወደ ቤቷ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ አስቡ። ታች ክፍል ሳለች ሰሌዳ ፊት ወጥታ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን እንዴት ምግብ እንደሚሠራ በአማርኛ ታስረዳ ነበር፤ ክረምቱ ሲበዛበት የሰሊጥ ቅጠል ቢጫ እንደሚሆን ከአባቷ ማሳ ታውቀዋለች። ዛሬ ያው ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲመጣ ዝም ትላለች። ደብተሯን ብታዩት ያምራል፤ ርእሱ በቀይ ተሰምሮበታል፣ ከሰሌዳው አንድ ፊደል አልቀረም። ምን ማለት እንደሆነ ብትጠይቋት ግን አንገቷን ትደፋለች። መምህሩ «ሰነፍ» ይላታል፤ ቤተሰቧ «ከተማ ገብታ ተበላሸች» ይላል። ከዚያም ትዳራለች፣ ወይም ሰሊጥ አረማ ትሄዳለች። ከጓደኞቿ ሁሉ ትቀድም የነበረች ልጅ ናት።

እንደ አገርም ጩኸቱን የጨመርንበት ጊዜ አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር፣ ለክፍሉ መምህር ከመግቢያና ከማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ በቀር አልተረፈለትም። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የወደቀው ሁሉ በእንግሊዝኛ ወደቀ አልልም። ጦርነት ነበር፣ የመጻሕፍት እጥረት ነበር፤ በክልላችን በአማራም በግጭት ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ መልሱን ያውቀው እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አስጠንቶት በ1999 ዓ.ም. የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ጎንደር ግን ጥናት ሳትጠብቅ ይህን ስትሠራበት የኖረች አገር ናት። የቆሎ ተማሪ የሚማረው ግእዝ ገበያ ላይ የማይነገር ቋንቋ ነው። ሆኖም መጻሕፍት ቤት ሲገባ ንባቡ በግእዝ ይባላል፣ ትርጓሜው በአማርኛ ይፈታል፤ አንድምታው ሁሉ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ቅኔ ቤትም ግሱን በአማርኛ እየፈታ ያጠናል፣ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ቀስ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። መጨረሻው በግእዝ መቀኘት ነው። አንድም የኔታ አማርኛ ግእዝ ያበላሻል ብሎ ደቀ መዝሙሩን አፉን አላስያዘውም። ዛሬ ግን በግቢያቸው አማርኛ መናገር የሚከለክሉ፣ የተናገረውን ልጅ የሚቀጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህ ስሕተት ነው። የልጁን ትልቁን አቅም ከበር አስቀርቶ በትንሹ ብቻ ተማር ማለት ነው።

የ9ኛ ክፍል መምህራን፣ እናንተም አዘውትራችሁ በማትናገሩት ቋንቋ አስተምሩ ተብላችሁ እንደምትቸገሩ አውቃለሁ፤ እናንተንም ደግፎ የሚያሠለጥን ያስፈልጋችኋል። እስከዚያው ግን አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ ሐሳቡን አስቀድማችሁ በአማርኛ አስረዱ፤ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ከነፍቺው ሰሌዳው ጥግ ጻፉ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጥሉ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአማርኛ ይከራከሩበትና መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፉት። የ11ኛ ክፍል ልጅ ለ9ኛው በሳምንት አንድ ከሰዓት ቢያስጠናው የሚጠይቀው በጀት የለም። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያም ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ማንበብ ይችላል።

የሳንጃና የዙሪያዋ ወላጆች ደግሞ፣ እንግሊዝኛ አለማወቃችሁ ልጃችሁን ከመርዳት አያግዳችሁም። በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ልትወስድ ስትመጣ ደብተሯን አስከፍቷትና «እስቲ ይሄን በአማርኛ አስረጂኝ» በሏት። ካስረዳቻችሁ ገብቷታል። ካቃታት የቱ ጋ እንደቆመች እሷም እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሰኞ ሄዳችሁ ለመምህሯ ንገሩ።