ስለ እኔ ባይነት

አንባቢ ሆይ፤ የህንድ ሊቃውንት በሳንስክሪት ቋንቋ «አሃምካራ» የሚሉት ነገር አለ፤ ፍችውም «እኔ»ን ሠሪ ማለት ነው። ብሃገቫድ ጊታ የተባለው መጽሐፋቸው፥ በዚህ የታወረ ሰው ሥራውን ሁሉ የሚያደርገው እርሱ ራሱ ይመስለዋል ብሎ ያስተምራል።

ይህም ጠላት ብልህ ነው። ሰው ሲጾም «እኔ ጾምሁ»፥ ሲመጸውት «እኔ ሰጠሁ»፥ ራሱን ሲያዋርድም «እንደ እኔ ትሑት ማን አለ?» ያሰኘዋል። እንግዲህ ቢላዋውን የያዘው እርሱ ከሆነ፥ «እኔ»ን ማን ያርደዋል?

በደቡብ ህንድ በቲሩቫናማላይ ኖሮ በ1950 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያረፈው ራማና ማሃርሺ፥ ሰው «እኔ ማን ነኝ?» እያለ ይመርምር አለ፤ ጥያቄውም ሌላውን ሐሳብ ሁሉ አጥፍቶ፥ የሬሳ ማቃጠያ እሳት እንደሚቆሰቁሱበት እንጨት፥ በመጨረሻ ራሱ ይቃጠላል ብሎ አስተማረ።

ምርመራው ጥልቅ ነውና አንናቀው። እኛ ግን ነፍስ የእግዚአብሔር ፍጥረት ስለ ሆነች ትነጻለች እንጂ አትጠፋም ብለን እናምናለን፤ የምትነጻውም ራስዋን በመመርመር ብቻ ሳይሆን፥ ራሱን ዝቅ ያደረገውን ክርስቶስን በመመልከት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፤ ከጸሎትህ በኋላ ልብህን ጠይቀው፤ ጎረቤትህ ሲመሰገን ደስ ይልሃልን? ካላለህ፥ የጸለየው «እኔ» ነውና፥ እንደ ቀራጩ ደረትህን ደቅተህ «ማረኝ» በል።