ሰምና ጭረት

መኪናዬን ልሸጥ ባልኩ ጊዜ ደላላው በሩ ላይ ያሉትን ጭረቶች አይቶ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ በጥርስ ሳሙና ይለቃሉ!» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲና ለስላሳ ጨርቅ ይዤ ግቢ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ከቀለሙ በላይ ጋራዦች ክሊር የሚሉት ስስ ሽፋን አለ፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ አይሞላም። ጭረቱ እዚያው ላይ ከቀረ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ፖሊሽ ያጠፋዋል። የሚያጠፋው ግን ሞልቶት አይደለም፤ ዙሪያውን ፍቆ ከጭረቱ ጥልቀት ጋር በማስተካከል ነው እንጂ። ጉዳቱ የሚጠፋው ደህናውን በመቀነስ ነው ማለት ነው። ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ ለፍቼበታለሁ፣ ጭረቱም በእርግጥ የለም።

አንዱ ግን እምቢ አለ። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት በመፈተግ አይወጣም፤ ቀለም ይፈልጋል። ቀለም ደግሞ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰም ቀባሁት። ሰሙ ጭረቱን ሞላው፣ በሩ እንደ መስታወት አበራ። (ስንት ዓመት ሰምና ወርቅ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ከሰሙ ሥር ጭረት ስደብቅ!)

ገዢው ወጣት ነው። «ተጋጭታ ታውቃለች?» ሲል ጠየቀኝ። «በፍጹም» አልኩት። እውነቴን ነው። ስለ ጭረት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ያልተጠየቁትን አለመናገር ውሸት ነውን? ተማሪዎቼ ቢያነሱት ኖሮ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አከራክራቸው ነበር። ለራሴ ግን ምን ክርክር አለው? ሰሙን የቀባሁት እንዳይጠይቀኝ ነበራ!

ሰም ሳሙና አይችልም፤ ዕድሜው ጥቂት እጥበት ነው። የልጁ ስልክ ቁጥር እኔ ጋ አለ። እስካሁን አልደወልኩለትም።