ዝምታም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። ያልተነገረ ነገር በደንብ እንደ ተከደነ እህል ነው፤ ነቀዝ አይገባበትም፣ ባለቤቱንም በአደባባይ አያስጠይቀውም ለማለት ነው። በሰው አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ይህን ብሂል ከማንም ይበልጥ ይወደዋል። እኔም ለብዙ ዓመታት ሳልመረምረው ተቀብዬው ኖሬአለሁ። እንድመረምረው ያስገደደኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ የአንድ አሮጌ መኪና የቤንዚን ጌጅ ነው።

መኪናዬ የ1970 (እ.ኤ.አ.) ላንድሮቨር ናት፤ በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ በገበሬውም በአዳኙም በሐኪሙም እጅ ያለፈችው፣ አጭሯ፣ ሲሪየስ ቱ-ኤ የምትባለዋ። ሰልባቲዮዋ ከፊት ወንበር ሥር ተቀምጦ 45 ሊትር ያህል ይይዛል። የጌጇ ቀስት ሁለት ዓመት ሙሉ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብላ ቆማ ነበር። ሰልባቲዮው ቢሞላም ቢጎድልም እሷ ከቦታዋ አትነቃነቅም። እኔ ግን አልተቸገርሁም። ቆጣሪውን እያየሁ 100 ማይል በተጓዝሁ ቁጥር እሞላለሁ፤ በዚህ ልማድ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም። ውሎ አድሮም ቀስቷን ማየት ተውሁ። እንደ ብልሽት መቁጠሬም ቀረ፤ እንደ መኪናዋ ቀለም ያለ፣ አብሯት የተፈጠረ ነገር መሰለኝ።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ባለቤቱ ምጥ ይዟታል፤ የጠራው ታክሲ አልመጣም። የምንኖረው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ በሩይሩ በኩል ነው። ቁልፉን ሰጠሁትና «ማርያም ትቅረባት፣ በሰላም ያገላግላት» ብዬ ሸኘሁ። እሱም እንደ ማንኛውም አስተዋይ ሾፌር ሞተሩን አስነሥቶ ዳሽቦርዱን አየ። ቀስቷ ከግማሽ በላይ ናት። አመናትና ሄደ።

መንገድ እኩሌታ ላይ መኪናዋ ቆመች። ያቺ ሴት አርባ ደቂቃ ያህል በጨለማ መንገድ ዳር ስታምጥ ቆየች። በመጨረሻ ወደ ዋኩሊማ ገበያ ጎመን ጭኖ የሚሄድ የጭነት መኪና አንሥቶ አደረሳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። በማግሥቱ ጎረቤቴ ቁልፉን ይዞ መጣ። አልተቆጣም። «ጋሼ፣ ጌጁ እንደማይሠራ ያውቁ ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። «አውቅ ነበር» አልሁት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እኔ ዋሽቻለሁን?

ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ብዙ ተከራክሬአለሁ። አንደኛ፣ ከአፌ የወጣ ሐሰት የለም። ሁለተኛ፣ አልጠየቀኝም። ሦስተኛ፣ ከእንቅልፌ ገና መንቃቴ ነበር። አራተኛ፣ መኪናዋ አሮጌ መሆኗን እሱም ያውቃል፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባል የለ? እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ነገር ግን አንዳቸውም ያቺን አርባ ደቂቃ አይመልሱም። አለመጠየቁም ቢሆን ፍርዱን አያቀልልኝም። ያልጠየቀኝ የሚጠይቀው ሌላ ምስክር ፊቱ ስለ ነበረ ነው። ምስክሯ ሐሰተኛ መሆኗን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርሁ። እኔ ቀስቷን ከምስክርነት ካሰናበትኋት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ለእሱ ግን መሰናበቷን የነገረው የለም።

በሳምንቱ አንድ አረጋዊ ፉንዲ ዘንድ ወሰድኋት። ሰውየው ሥራውን የጀመረበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን የእኛን ተረት የሰማ ይመስል ነበር። እኔ ቀስቷን ስከስስ እሱ በቅድሚያ የሞተሩን የሙቀት ጌጅ ተመለከተ። ሁለቱ ጌጆች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ወደ 10 ቮልት ዝቅ አድርጋ ከምታካፍል አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ እሷ ብትበላሽ ሁለቱም አብረው ይስቱ ነበር። የሙቀቱ ትክክል ስለ ነበረ የጋራ ምንጫቸው ነጻ ወጣች።

ቀጥሎ ወንበሩን አንሥቶ በሰልባቲዮው ላይ ካለው ተንሳፋፊ መሣሪያ ሽቦውን ነቀለ። ቁልፉ ሲከፈት ቀስቷ ወደ ባዶ ወረደች። የሽቦውን ጫፍ ለአፍታ ከመኪናው አካል ጋር ሲያነካካው ደግሞ በዝግታ ወደ ሙሉ ወጣች፤ የምትንቀሳቀሰው ኤሌክትሪኩ በውስጧ ያለውን ጥንድ ብረት ሲያሞቀው ነውና አትቸኩልም። ስለዚህ ቀስቷም ሽቦዋም ጤነኞች ናቸው። ባትሪውን ፈትቶ፣ ከእሳት ርቆ፣ አየር ባለበት ሥፍራ መሣሪያውን አወጣው። የተንሳፋፊው ክንድ በዝገትና በደረቀ የቤንዚን ዝቃጭ ተይዞ መካከል ላይ ቆሞ ነበር። አጽድቶ፣ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ አብሮ መለዋወጡን ለክቶ መለሰው። ሥራው ግማሽ ቀን አልፈጀም። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ሳሳድረው ኖሬአለሁ።

ከዚህ ምርመራ የተማርሁት ቀስቷ ንጹሕ መሆኗን ነው። የነገሯትን ታማኝ ሆና ታስተላልፍ ነበር። ጥፋቱ ከቀስቷ ወደ ሽቦው፣ ከሽቦው ወደ ተንሳፋፊው፣ ከተንሳፋፊው ወደ ዝገቱ ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻ የቆመው እኔ ዘንድ ነው። ዝገት አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። እኔን ከጉዳት ያዳነኝ እውቀት በራሴ ውስጥ እንጂ በመኪናዋ ውስጥ አልነበረም። ቁልፉ ከእጄ ሲወጣ እውቀቱ ከእኔ ዘንድ ቀረ፤ ለእኔ ልማድ የነበረው ነገር ለሌላው ወጥመድ ሆነ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምሁ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን የነዳጅ ጌጆቹ እንደማይሠሩ እየታወቀ ተነሣ። ነዳጁ በዘንግ ተለካ፤ በኪሎ መታሰብ የነበረበት ግን በፓውንድ ስሌት ታሰበ። አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ከግማሽ ያነሰ ነዳጅ ይዞ ኖሮ ገና በሰማይ ላይ ሳለ ሞተሮቹ ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ አሞራ አንሳፍፈው ጊምሊ በሚባል ቀድሞ የአየር ኃይል በነበረ ማረፊያ አሳረፉት፤ 69ኙም ሰዎች ተረፉ። በዚያ ብልሽቱ ተመዝግቦ ነበር፤ ሆኖም ትክክለኛው እውቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ መንገድ ላይ ጠፋ። ተጽፎም እንዲህ ከሆነ፣ ጨርሶ ሳይነገር የሚቀረውማ እንዴት ይሆን?

ወደየቤታችን እንመልከት። ቤተሰቡ ሳያስበው የሚዘለው፣ እንግዳ ግን የሚሰናከልበት የተሰበረ ደረጃ አለ። ነባሩ ሠራተኛ የሚያውቀው፣ አዲሱ ግን የሚከሰስበት የመዝገብ ጉድለት አለ። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሙሽራዪቱ ብቻ የማታውቀው የሙሽራው አመል አለ። ዝምታው የሚነቅዘው እዚህ ላይ ነው፤ ነቀዙም የሚበላው የባለቤቱን ሳይሆን የሌላውን እህል ነው።

እርግጥ ሁሉን ጉድለት መናገር አይቻልም፤ እንከን የሌለው መኪና የለም፣ ሰውማ ከቶ የለም። ድንበሩ የት እንደ ሆነ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፤ ሌላው የሚደገፍበትን ነገር መናገር ግዴታ ነው። የላንድሮቨሬ የኋላ ወንበር መቀደዱን ብሸሽግ ነውር ነው እንጂ በደል አይደለም፤ በቀስቷ ላይ ግን የሰው ሕይወት ተደግፎባት ነበር።

አሁን ጌጁ ይሠራል። ቢሆንም በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ካርቶን ለጥፌአለሁ፤ «ፍሬኑ አንዴ ከተረገጠ በኋላ ይደገም፤ የግራው የኋላ መብራት አንዳንዴ ይጠፋል» ይላል። ባለፈው ወር ጎረቤቴ ልጁን ለማስከተብ መኪናዋን ሲዋስ ካርቶኗን አንብቦ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ይዘው ነው እንዴ የሚነዱት?» አለኝ። አዎ፣ ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ከዚያ ግን ቀስቷን አየ፤ ቀና ብሎም እኔን አየኝ። «ትሠራለች» አልሁት። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።