ያንተ ይቀርባል

ነገሌ ቦረና አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ በስልኬ የሎን ቦውልስ ውድድር አያለሁ። በተስተካከለ ሣር ላይ ኳስ አንከባልሎ «ጃክ» ወደምትባለው ትንሽ ኳስ ማስጠጋት ነው። ከሞያሌ ማዶ ኬንያ ውስጥ ይጫወቱታል። በኮመንዌልዝ ውድድር ከ1930 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ2026ቱ የግላስጎው ዝግጅትም ተካቷል።

አጠገቤ ያሉ አዛውንት አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ይኼን ሣር የማን ከብት ነው የሚግጠው?» አሉኝ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ በከሸፈበት አገር ጥያቄው ቀልድ አይደለም።

«እንዲያው ለጨዋታ ነው፣ አባባ» አልኳቸው እያፈርኩ።

«ማን ይዳኛቸዋል?»

የሁለት ኳሶች ርቀት ሲያጠራጥር ተጋጣሚዎቹ ራሳቸው ይለካሉ፤ ነጥቡ የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ነው። ዳኛ የሚጠራው መግባባት ሲያቅታቸው ነው። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ።

«ኤላችን ላይ ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ» አሉ። «እሱ ዘወር ሲል ግን፣ ከብቱ እየተጠማ ‹ተራው ያንተ ነው› ብሎ የሚለቅ፣ ሰው እሱ ነው።»

መምህር ሳለሁ፣ ክፍል ውስጥ የሞገተኝን ተማሪ ውጤት ቀንሼበት አውቃለሁ። ተጋጣሚውም እኔ፣ ለኪውም እኔ ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ፍትሕ ሲጓደል ዳኛ እንወቅሳለን። ዳኛ በሌለበት፣ ሜትሩ በገዛ እጃችን ሳለ፣ «ያንተ ይቀርባል» የምንል ስንቶቻችን ነን?