ብልጧ ጦጣ ዋሽታለችን?

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ማታ እሳት ዳር ተረት ሲነገር፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ የልጆች ልብ የሚያዘነብለው ወደ አንበሳው ሳይሆን ወደ ጦጣዋ ወይም ወደ ጥንቸሏ ነው። በሕንዶች የፓንቻታንትራ መጽሐፍ ያለችው ጦጣም ለእነርሱ እንግዳ አትሆንም፤ ልቧን ለሚስቱ ሊወስድ በጀርባው የተሸከማትን አዞ ልቧን ዛፍ ላይ ትታ እንደ መጣች ነግራው ታመልጣለች። ሕፃናቱ ይስቃሉ። በማግስቱ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪያቸው ስምንተኛውን ትእዛዝ ያስተምራቸዋል። ታዲያ ስለ ጦጣዋ ቢጠይቁት ምን ይበላቸው?

ቅዱስ አውግስጢኖስ ተረቱን ራሱን ከሐሰት አልቆጠረውም፤ እንስሳት ሲናገሩ የሚሰማ ሁሉ ምሳሌ መሆኑን ያውቃልና። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ዛፎች እንኳ ንጉሥ ይመርጣሉ። ለማምለጥ በሚነገር ሐሰት ላይ ግን ጽኑ ነው፤ ፈርዖንን ያታለሉት አዋላጆች ሲፓራና ፉሐ ከእግዚአብሔር ዋጋ ያገኙት ስለ ርኅራኄያቸው እንጂ ስለ ሐሰታቸው አይደለም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ደግሞ በቁጥር 2489፣ እውነትን የማወቅ መብት ለሌለው ሰው እውነትን የመግለጥ ግዴታ እንደሌለ ያስተምራል። ይህ ዝም ለማለት እንጂ ለመዋሸት ፈቃድ አይሰጥም።

እኔ በአዞው ጀርባ ላይ ያለችውን ጦጣ ለመኰነን አልቸኩልም (ዝምታ እዚያ ምን ይጠቅማታል?)። ይልቁንም የሚያሳስበኝ፣ ይህችው ብልጥ ከእርሷ የሚያንሰውን አታልላ እህሉን የምትበላበት ተረት ነው። ልጆቹ በዚያም እኩል ይስቃሉ። አስተማሪው ተረቱን ገታ ማድረግ ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ የተበላው የማን እራት እንደ ነበረ ይጠይቃቸው።