ከመስታወት ጀርባ ያለ ፍጡር

በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዱባይ ሞል የገበያ ማዕከል 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የሚይዝ የዓሣ ገንዳ አለው። አኳሪየም ይሉታል። ሸማቹ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ በግልጹ ግድግዳ በኩል ሻርኮቹን ቆሞ ይመለከታል። ተጨማሪ የከፈለ ደግሞ የታመቀ አየር ሲሊንደር አዝሎ፣ አሠልጣኝ ተመድቦለት፣ ገንዳው ውስጥ ጠልቆ አብሯቸው ይዋኛል።

ነገሩ ከኛ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂል፣ ዱባይ የሚሠራ አንድ ወጣት ገንዳው ውስጥ ሆኖ የተነሳውን ፎቶግራፍ ልኮ ቤተ ዘመዱ ሲከራከርበት ደርሻለሁ። አዛውንቱ አጎቱ «ይህ ሁሉ ውሃ ለጨዋታ? ኢስራፍ ማለት ይኸው አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዝናብ በዘገየ ቁጥር ማሽላው በሚጠወልግበት፣ ውሃ በጀሪካን በሚለካበት አገር ለሚኖር ሰው ጥያቄው የምር ነው።

ቁጣቸው ይገባኛል፤ ማስረጃቸው ግን አያስኬድም። ያ ውሃ ጨዋማ ነው፤ አይጠጣም። እየተጣራም ተመልሶ እዚያው ይዞራል። ገንዳው ነገ ቢፈርስ ለዋሂል አንዲት ጀሪካን አይደርሳትም። ለገጠራችን ጥም መልስ መስጠት ያለባቸው ሌሎች ናቸው፤ የዱባይ ዓሣ የለበትም። ስለ ኢስራፍ ከተነሳማ፣ ለውዱእ ቧንቧ ከፍተን ወሬ የምንይዘው ከተሜዎች እንቀድማለን።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ለመሆኑ ጠልቆ ምን ይዞ ወጣ?» የሚል ነበር። በዚያው በባሕረ ሰላጤው ወንዶች እግራቸውን በድንጋይ አክብደው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ሉል ለመልቀም ይጠልቁ ነበር። የጃፓን እርባታ ሉልና የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያውን እስኪያንኮታኩቱት ድረስ ብዙዎቹ ከዕዳ ሳይወጡ ኖረዋል። ዛሬ የሚጠልቀው ባዶ እጁን መውጣቱን እንደ ጥፋት አላየውም። ቁርኣን ፍጥረትን ተመልክተን እንድናስተነትን ደጋግሞ ያሳስበናል። ሐላል ገንዘቡን፣ የቤተሰቡን ነፈቃ ሳያጓድል፣ ለአንድ ቀን ግርምት ያዋለ ወጣት በምን ይወቀሳል?

እኔን የሚከነክነኝ ዓሣው ነው።

አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን እያወቁ አልከለከሉትም። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ተነስተው፣ ተገቢው እንክብካቤ እስካልጎደለ እንስሳን ማቆየት እንደሚፈቀድ ተናግረዋል። በአንጻሩ ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ለእሳት ተዳርጋለች። እርሷ ሁለት ነገር ነፍጋለች፦ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም።

የአኳሪየም ባለቤቶች በመቀለብ አይታሙም፤ ሐኪምም አላቸው። ይሁንና እንክብካቤ ማለት ቀለብ ብቻ ነውን? ሳንድ ታይገር የሚባሉት ሻርኮች በገንዳ ሲያድጉ አከርካሪያቸው የሚጣመም መኖሩን ተመራማሪዎች መዝግበዋል፤ ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ በጠባብ ቦታ ያለማቋረጥ መዞር ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባት አትላንታ በ2005 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አኳሪየም ደግሞ ከዓሣዎች ሁሉ ትልቁን፣ ዌል ሻርክን፣ ከታይዋን አስመጥቶ ነበር። ሁለቱ በ2007 ሞቱ።

«ሕፃናት ባሕርን የሚወዱት አይተው ነው» ይባላል። ለትንንሽ ዓሣዎች እቀበለዋለሁ። ባሕር አቋርጦ ለሚጓዝ ፍጡር ግን አልቀበለውም፤ ትኬት የሚቆርጠውም ከጉዳዩ ነፃ ነው ለማለት ይቸግረኛል። ፈትዋ መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም፤ አላሁ አዕለም።

ወጣቱ አስተያየቴን በስልክ ሲጠይቀኝ ስለ ጅቡቲ ነገርኩት። ከድሬዳዋ በባቡር ይደረሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርኮች በራሳቸው ጊዜ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ፤ ሰውም ከጀልባ ወርዶ አጠገባቸው ይዋኛል። «ከሄዱስ?» አለኝ።

«ይሄዳሉ እንጂ» አልኩት።