ከሁለቱ መንደሮች አንዱ

የማላውቀው ሰው የተወለደበትን መንደር ፍለጋ ውስጥ የገባሁት ሥራ ባስጠላኝ አንድ ማክሰኞ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከርቀት የምሠራበት ቡድን መሪ ቦስተን ነው የሚኖረው። ሃምሳዎቹን አጋምሷል፤ በአማርኛ ብናወራ ኖሮ አንቱ የምለው ሰው ነው፣ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን እንደ እኩያ እንቀላለዳለን። ስብሰባ ሳይጀመር ሌሎቹን ስንጠብቅ እናቱ መታመማቸውን ነገረኝ። 88 ዓመታቸው ነው። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው" አለኝ፤ "የአያቷ አባት አየርላንድ ውስጥ ከየትኛው መንደር እንደወጣ ማወቅ።"

ቀላል መሰለኝ። ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው በሽታው ይሄ ነው፤ ያልነካው ነገር ሁሉ ቀላል ይመስለዋል።

ቤተሰቡ እጅ ላይ የነበረው ጥቂት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት የትውልድ ቦታ በሚለው ዓምድ ሥር "አየርላንድ" ይላል፣ አለቀ። ዜግነት ያገኘበት ወረቀት ለንግሥት ቪክቶሪያ የነበረበትን ታማኝነት መተዉን ይናገራል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። የመቃብሩ ድንጋይ ትንሽ ደግ ነው፤ "የኮርክ ካውንቲ ተወላጅ" ይላል። ኮርክ ግን ከ32ቱ ካውንቲዎች በስፋት አንደኛው ነው። አየርላንዶች ደግሞ መሬታቸውን "ታውንላንድ" በሚሏቸው ከ60,000 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ሸንሽነውታል፤ አንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ቤቶች ብቻ አሉ፣ ስማቸውም ይመሳሰላል። ሰውየው የተወለደው በእነዚህ በአንዷ ውስጥ ነው።

የአገራቸው የሕዝብ ቆጠራስ? ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የአራቱ ቆጠራዎች ወረቀቶች በአብዛኛው በሰኔ 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ደብሊን ውስጥ ፎር ኮርትስ ከሚባለው ግቢ መዝገብ ቤት ጋር ተቃጠሉ። የ1861 እና የ1871ን መንግሥት ራሱ አስወገዳቸው። የ1881 እና የ1891 ወረቀቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት ስለጠፋ ተፈጭተው እንደገና ወረቀት ሆኑ። ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901 ነው። የእኛ ሰውዬ ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አርጅቶ ነበር።

እነዚህ የጠፉ ዓመታት ደግሞ ተራ ዓመታት አይደሉም። በ1841 አገሪቱ 8.2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በ1851 ወደ 6.5 ሚሊዮን ወርዷል። የድንች ተክል በበሽታ ተመትቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያ የማያንስ ደግሞ በመርከብ ወጣ። ረሃብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አገር ልጅ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ይሄን ቁጥር ካየሁ በኋላ ሥራው ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ፍለጋው በጓሮ በር ነው። የግሪፊዝ ምዘና የሚባል፣ ከ1847 እስከ 1864 መሬትና ቤት ማን እንደያዘ የተመዘገበበት ሰነድ አለ፤ የተጻፈው ግን የአባወራው ስም ነው። የካቶሊክ ሰበካዎች የጥምቀት መዝገቦች አሉ፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 ምስላቸውን ለማንም በነፃ ለቆታል። ቦስተን ይታተም የነበረው "ፓይለት" የተባለ ጋዜጣ ከ1831 ጀምሮ ለ90 ዓመት ያህል "የጠፉ ወዳጆች" የሚል ዓምድ ነበረው፤ ወንድም ወንድሙን፣ ሚስት ባሏን፣ ሰበካውንና መንደሩን እየጠራች ትፈልግበታለች። ሌሊት እሱን ሳነብ አድሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ ዓይኔ ቀልቶ ገብቻለሁ።

ከሁሉም የገረመኝ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1850 የተቋቋመው የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ነው። ገንዘብ የሚያስቀምጡት ብዙዎቹ መጻፍ አይችሉም፤ ፊርማ የለም። ስለዚህ ባንኩ ሰውየው የት እንደተወለደ፣ በየትኛው መርከብ እንደመጣ፣ የወላጆቹንና የወንድም እህቶቹን ስም ጠይቆ በመዝገብ ይጽፋል፤ ገንዘብ ሊያወጣ ሲመጣ መልሶ ይጠይቀዋል። ዛሬ የይለፍ ቃል ሲጠፋን "የተወለዱበት ከተማ ማነው?" የሚለን ነገር እኮ ነው! ለሌባ መከላከያ የተጻፈ ነገር ነው ዛሬ የስንቱን የትውልድ መንደር የሚነግረን። የእኛ ሰውዬ ቦስተን ስለነበር እዚያ የለም።

እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ የሚያነጻጽር ፕሮግራም ጻፍኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት ሳውንዴክስን ነበር፤ ስምን በአነባበቡ ወደ ኮድ የሚቀይር መቶ ዓመት ያለፈው ዘዴ ነው። ሱሊቫን የሚለው ስም ኤስ415 ይሆናል። ያው ቤተሰብ "ኦ"ን ጨምሮ ኦሱሊቫን ብሎ ከጻፈ ግን ኦ241 ይሆንና እንደማይተዋወቁ ሰዎች ይለያያሉ። አሜሪካ ሲገቡ "ኦ"ውን የጣሉ ስንት ናቸው! ስለዚህ የራሴን ሕግ ጻፍኩ፦ ለስም ይህን ያህል ነጥብ፣ ለአባት ስም ይህን ያህል፣ ለዓመት መቀራረብ ይህን ያህል። ነጥቦቹን ያወጣሁት ከራሴ ጭንቅላት ነው። ይሄን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ፕሮግራሙ አንድ ሕፃን አገኘ። ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስም፣ ዓመቱ፣ ሁሉም ይቀራረባል፤ ካህኑ ከጎኑ የመንደሩን ስም ጽፎለታል። ነጥብ 0.71። ለባልደረባዬ ላክሁለት። በማግስቱ ካሜራው ፊት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እናቱ የመንደሩን ስም አነባበብ እየተለማመዱ ነው አለኝ፤ ነርሷን ሳይቀር አስጠርተዋታል። ካርታው ታትሞ አልጋቸው ፊት ለፊት ተለጥፏል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮዱን ላጸዳ ከፈትኩት። መጨረሻ ላይ፣ ከልማድ የጻፍኳት አንዲት መስመር አለች፦ የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ አሳይ። አነሳኋት። ሁለተኛ ሕፃን ወጣ። ያው ስም፣ ያው የአባት ስም፣ የእናትየው ስም አጻጻፍ ብቻ ትንሽ ይለያል። ነጥብ 0.69። አንደኛው መንደር ባሕሩ አጠገብ ነው፣ ሁለተኛው ወደ ኬሪ ካውንቲ ድንበር። በ0.71 እና በ0.69 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የአየርላንድ ታሪክ አይደለም፤ እኔ ለእናት ስም ስንት ነጥብ ልስጥ ብዬ ቡና እየጠጣሁ የወሰንኩት ነው። ኮዱ አልዋሸም፤ ዝም ነው ያለው። ዝም ያስባልኩት ግን እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን እኔም ዝም አልኩ። በአራተኛው ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ሳይናገር ቆየና "አልነግራትም" አለ። "ደስ ብሏታል። ማንን ይጎዳል?"

በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፣ እናቴ ጤነኛ ናት። ጥያቄው ግን ይመላለስብኛል። ለምትሞት እናት እውነቱን ልቆጥር ማለት ጭካኔ ይመስላል፣ ይሄ ይገባኛል። ግን እሳቸው የፈለጉት ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጃቸው ካርታ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ያሳርፍ ነበር፤ ያን ማድረጉን ቢያውቁ ደግሞ ደስ አይላቸውም ነበር። ደስታቸው የቆመው ነገሩ እውነት ነው በሚለው ላይ ነው። ያን ከሥሩ ባዶ አድርገን ደስታውን ብቻ ስንጠብቅ፣ የምንጠብቀው የእሳቸውን ነገር ነው ወይስ እሳቸው ደስ ሲላቸው የተሰማንን የእኛን?

ደግሞ "ከሁለቱ አንዱ ነው" ማለትም ይቻል ነበር። ሰማንያ ምናምን ዓመት "አየርላንድ" በምትል አንድ ቃል የኖሩ ሴት ሁለት መንደር ይከብዳቸዋል ያልነው እኛ ነን። አልጠየቅናቸውም። ሽማግሌ ሲታመም እንደ ሕፃን መያዝ የእኛም አገር ነገር ነው፤ የአጎቴን ሞት አያቴ ያወቀችው ሁሉም ከለቀሰ ከወር በኋላ ነው፣ እስከ ዛሬም ለማናችንም ይቅር አላለችም።

ማንን ይጎዳል ለሚለው አኒ ሙርን አነሳለሁ። ኤሊስ ደሴት ላይ የስደተኞች መቀበያው በጥር 1892 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት፤ ከኮርክ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ይዛ የመጣች የ17 ዓመት ልጅ። ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ ምዕራብ ሄዳ ቴክሳስ ውስጥ በ1923 የከተማ ባቡር ገጭቷት ሞተች ተብሎ ሲነገር ኖረ፤ የዚያች ሴት ዘሮች በየበዓሉ ይጋበዙ ነበር። በ2006 ሲጣራ የቴክሳሷ አኒ ኢሊኖይ የተወለደች አሜሪካዊት ሆነች። እውነተኛዋ ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከመርከብ ከወረደችበት ብዙም ሳትርቅ በድህነት ኖራለች፤ ከወለደቻቸው ልጆች ብዙዎቹ ሳያድጉ ሞተውባታል፤ በ1924 አርፋ ስም በሌለው መቃብር ተቀብራለች። ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው። የቴክሳሱ ቤተሰብ የዋሸ አይመስለኝም። ብቻ ቦታው ተይዞ ስለነበር እሷን የፈለጋት ሰው አልነበረም።

የእኛም ሁለተኛ ሕፃን እንደዚያ ነው የሚታየኝ። እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። የ0.71ዱን ልጅ አባት አባት ካደረግነው ግን እሱን ዳግመኛ የሚከፍት የለም።

እናትየው ካርታውን እያዩ ከወር በኋላ አረፉ። አልነገራቸውም፣ እኔም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሳሁበትም።

ባለፈው ሳምንት ግን ራሱ ጻፈልኝ። የመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ቤተሰባቸው ከየት እንደመጣ እንዲጻፍ ተናዘው ነበር። ድንጋይ ቀራጩ በፊደል ነው የሚያስከፍለው። የሁለቱን መንደሮች ስም ጽፎ ፊደሎቹን ቆጥሯል፤ 23 ይሆናሉ። "ወይም" ሲጨመር 25፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ናት። ዋጋውን ከሥር አስቀምጦ "ምን ትላለህ?" ይላል።